እንደራሴና ምክትል

(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የምክትል መሪ ድርሻ በአንድ ማኅበር ውስጥ» የሚል ነው። ርእሱን የሰማ አንድ ጓደኛዬ «ይህ ደግሞ ምን ያናግራል? ምክትል ማለት ሰብሳቢው ሲቀር ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው አይደለምን?» አለኝ። አብዛኞቻችን የምናስበው እንደዚሁ ይመስለኛል። ምርጫችን እየቀረበ ስለ ሆነ ለፕሬዚዳንትነት ማን እንደሚሻል በየመኝታ ቤቱ እስከ እኩለ ሌሊት ክርክር ይሰማል፤ ስለ ምክትሉ ግን አንድ ሰው እንኳ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር አልሰማሁም።

አማርኛችን ለዚህ ሹመት ሁለት ቃላት አሉት። አንደኛው እንደራሴ ነው። ሲፈታ «እንደ ራሴ» ማለት ነው፤ ሿሚው «ይህ ሰው እንደ እኔ ነው፤ እርሱ ያለውን እኔ እንዳልሁት ቍጠሩት» ብሎ የሚሰጠው ስም ነው። ሁለተኛው ምክትል ነው። ይህ ደግሞ መከተል ከሚለው ግሥ ጋር አንድ ዘር ስለ ሆነ፣ ከፊት የሚሄድ ሌላ ሰው መኖሩን ያስታውሳል። አንዱ ቃል ከሹሙ ጋር እኩል ያደርገዋል፤ ሌላው ከኋላ ያሰልፈዋል። ችግሩ ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። እንደራሴ ብቻ ያደረግነው እንደ ሆነ ባለቤቱን ሊውጠው ይችላል፤ ተከታይ ብቻ ያደረግነው እንደ ሆነ ደግሞ በሚፈለግበት ቀን ባዶ እጁን ይገኛል። አገራችን ሁለቱንም አይታለች።

ማስረጃ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ነገሥታቱ ግቢ የገባ ሰው የዐፄ ፋሲልን፣ የታላቁን ኢያሱን፣ የዳዊትን፣ የበካፋንና የእቴጌ ምንትዋብን ሕንፃ በተራ ያያል። እነዚህ ሁሉ ዘውድ የደፉ ናቸው። ከግቢው አጥር ውጭ ግን ራስ ግንብ የሚባል ሌላ ሕንፃ አለ። ብዙዎቻችን በአጠገቡ እያወራን እናልፋለን። ይህ ሕንፃ የሚጠራው ዘውድ ባልደፋ ሰው፣ በራስ ሚካኤል ስሑል ስም ነው። ሁለተኛው ሰው እንደ ነገሥታቱ ግንብ ሲኖረው ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ መጠርጠር ይገባል።

የእቴጌ ምንትዋብ ወንድም ራስ ቢትወደድ ወልደ ልዑል በሕይወት ሳሉ የቤተ መንግሥቱን ሥራ የሚያቃኑት እርሳቸው ነበሩ። በ1759 ዓ.ም. ሲያርፉ በእርሳቸው ቦታ የሚቆም ሰው በጎንደር አልተዘጋጀም ነበር። የእቴጌዪቱ ወገንና የወጣቱ ንጉሥ የዐፄ ኢዮአስ የእናታቸው ዘመዶች ተፎካከሩ። በዚህ ጊዜ የትግሬው ገዥ ሚካኤል ተጠርተው መጡ፤ የራስነትን ሥልጣን ያዙ፤ የእቴጌዪቱን ልጅ ወይዘሮ አስቴርንም አገቡ። ይዘውት የመጡት ጦር ግን የንጉሡ ሳይሆን የራሳቸው ነበር። በ1761 ዓ.ም. ከዳሞቱ ፋሲል ጋር አዘዞ ላይ ተዋግተው ድል ካደረጉ በኋላ፣ ንጉሡ በልባቸው ከፋሲል ጋር ናቸው ብለው ዐፄ ኢዮአስን አስገደሏቸው። በምትካቸው የዐፄ በካፋን ወንድም ሽማግሌውን ዮሐንስን አነገሡ፤ እርሳቸውም ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ። ወዲያው የዮሐንስን ልጅ ተክለ ሃይማኖትን አነገሡ። አንድ እንደራሴ በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱን ንጉሥ ገድሎ ሁለት ነገሥታት ሾመ ማለት ነው። ዘመነ መሳፍንት የምንለው 80 ዓመት ያለፈው ዘመን የሚቈጠረው ከዚህ ነው።

ከዚያ ወዲያ የየጁ መሳፍንት እንደራሴነቱን ያዙና ዋና መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር አደረጉ። ንጉሠ ነገሥት የሚባለው እዚህ ጎንደር በግንቡ ውስጥ ይቀመጣል፤ ጦር የለውም፤ ግብርም አይገባለትም። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ያህል ነግሠው ወረዱና «ፍጻሜ መንግሥት» ተባሉ።

ይህን ታሪክ ስንማር ሚካኤል ስሑል ክፉና ተንኰለኛ ስለ ነበሩ የሆነ አድርገን እንቀበለዋለን። እኔ በበኩሌ የሰውዬው ጠባይ ብቻውን ነገሩን ይገልጸዋል ብዬ አላምንም። የምክትሉ ጕልበት ከሹመቱ የመጣ ቢሆን ኖሮ ሹመቱ ሲነሣ ጕልበቱም ይነሣ ነበር። ጕልበቱ የመጣው ግን ከሹመቱ ውጭ፣ ከአገሩ ይዞት ከመጣው ነፍጠኛ ነው። ሥልጣኑ እዚህ ድረስ ነው የሚል የተጻፈ ወሰን አልነበረም፤ ቢኖርም የሚያስከብረው አልነበረም። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ ስለ ራሳችን ምርጫ ስናገር እንደገና አነሣዋለሁ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በሰኔ 1845 ዓ.ም. ራስ ዓሊን አይሻል ላይ ድል አድርገው፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ የእንደራሴው ዘመን አበቃ። ንጉሠ ነገሥቱ እንደ ገና በእውነት ንጉሥ ሆነ። ይሁን እንጂ ቴዎድሮስ የገነነውን እንደራሴ አጥፍተው በቦታው ትክክለኛ ምክትል አልተከሉም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ የጀመሩትን ሥራ የሚያውቅ፣ ሠራዊቱም ሕዝቡም የሚቀበለው ሁለተኛ ሰው አልነበረም፤ ልጃቸው ዓለማየሁ ሕፃን ነበር። ዋግሹም ጎበዜ በአንድ ወገን፣ የትግሬው ካሣ በሌላ ወገን፣ የሸዋው ምኒልክ በሦስተኛ ወገን ሆኑ። አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉትን፣ እኒያ ታላቅ ሰው በአንድ ባላ ብቻ ተንጠልጥለው ዐለፉ።

እዚህ ላይ ስለ ሊቀ መኳስ አንድ ነገር ልበል። በዱሮው ሥርዐት ሊቀ መኳስ በጦር ሜዳ የንጉሡን የመሰለ ልብስ ለብሶ የሚሰለፍ ባለሟል ነበር፤ ጠላት ንጉሡን ለይቶ እንዳይመታ ነው። ለጥይት ጊዜ «እንደ ራሴ» ነው ማለት ነው። በየማኅበሩ ዛሬም እንዲህ ያሉ ምክትሎች አሉ። አባላቱ ተቈጥተው የመጡ ቀን ሰብሳቢው ቢሮ ውስጥ ሆኖ «እስቲ አንተ ውጣና አነጋግራቸው» ይለዋል፤ እንግዳ የመጣና ሻይ የተፈላ ቀን ግን አይጠራም።

በ1909 ዓ.ም. ንግሥት ዘውዲቱ ሲነግሡ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ፤ በመካከላቸውም የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበሩ። 14 ዓመት የቈየ አስተዳደር ሲሆን፣ የማን ሥልጣን ከየት ተነሥቶ የት እንደሚቆም ለይቶ የሚናገር ስላልነበረ ድንበሩ በየጊዜው በጕልበት ይለካ ነበር። የመጨረሻው ልኬት የወደቀው በእኛው አገር ሰው ላይ ነው፤ የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ፣ የንግሥቲቱ የቀድሞ ባለቤት፣ በመጋቢት 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ በጦርነት ሞቱ። ንግሥቲቱም በሁለት ቀን ተከተሏቸው።

የደርግ ጊዜ ደግሞ ሌላ ዐይነት ምክትል አሳየን። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ሊቀ መንበሩ ጄኔራል አማን አንዶም ነበሩ፤ ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ምክትል። አማን በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ጄኔራል ተፈሪ በንቲ በቦታቸው ተተኩ፤ መንግሥቱ አሁንም ምክትል ሆነው ቀሩ። ተፈሪም በጥር 1969 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ምክትሉ ወደ ፊተኛው ወንበር የመጡት። በእነዚያ ዓመታት ሁለተኛው ወንበር ለሥልጣን የማይመች ወንበር አልነበረም። ይልቁንም ከሁሉ የተመቸ ነበር፤ ፊርማው የሌላ ሰው፣ ውሳኔው የእርሱ። ከዚያ በኋላ ምክትል የነበሩት ኮሎኔል አጥናፉ አባተ በኅዳር 1970 ዓ.ም. ተገደሉ። በሁለተኛው ወንበር ላይ ሆነው የወጡ ሰው፣ ያ ወንበር ምን እንደሚችል ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበርና። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ አገር ጥለው ሲሄዱ ምክትላቸው ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን የተረከቡት አንድ ሳምንት ያህል ብቻ የቀረውን መንግሥት ነው።

ውድ ጓደኞቼ፤ እስካሁን የተናገርሁት ስለ ገነነ ምክትል ስለ ሆነ፣ አንዳንዶቻችሁ «እንግዲያስ ምክትልን ማድከም ነው የሚሻለው» ሳትሉ አትቀሩም። የደከመ ምክትል ምን እንደሚያስከትል ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ ላቅርብ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በሚያዝያ 1937 ዓ.ም. በድንገት ሲሞቱ ምክትላቸው ሃሪ ትሩማን በሹመቱ ላይ የቈዩት 82 ቀን ነበር። በዚያን ጊዜ አገራቸው የአቶም ቦምብ በምሥጢር እያሠራች ነበር፤ የአገሪቱ ሁለተኛ ሰው ግን የሥራውን ዝርዝር አያውቁም። የነገሩን ሁኔታ በሙሉ የሰሙት ቃለ መሐላ ፈጽመው ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ ነው። አራት ወር ሳይሞላ ቦምቡ ሂሮሺማ ላይ ተጣለ። ዓለምን የለወጠ ውሳኔ በትከሻው ላይ የወደቀበት ሰው ለነገሩ እንግዳ ነበር።

የእኛም አገር በቅርቡ ተፈትናለች። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ነሐሴ 14 ቀን 2004 ዓ.ም. ማረፋቸው ሲነገር ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ነበሩ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀውን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 75 ብታነብቡ፣ ምክትሉ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ተለይተው የሚሰጡትን ተግባሮች ያከናውናል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማይኖርበት ጊዜ ተክቶት ይሠራል፤ ተጠሪነቱም ለእርሱ ነው ይላል። «በማይኖርበት ጊዜ» የሚለው ቃል ለመንገድ የሄደን ሰው ብቻ ነው ወይስ የሞተንም ይጨምራል? አንቀጹ አይናገርም። አቶ ኃይለ ማርያም በምክር ቤቱ ፊት ቃለ መሐላ የፈጸሙት መስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ያለው አንድ ወር በሰላም ዐለፈ፤ ይህም በታሪካችን ትንሽ ነገር አይደለም። ቢሆንም ዐሥራ ሁለት ወይም ዐሥራ አምስት ቃላት ተጨምረው ቢጻፉ ኖሮ ያ ሁሉ ጭንቀትና ክርክር ባልኖረ ነበር።

እንግዲህ ጥሩ ምክትል ምን ይመስላል? መልሱን ከዚሁ ከከተማችን ልውሰድ። በአርባ አራቱ ታቦት አገር ማኅሌት ያልቆመ ወይም ቆሞ ያላየ ካለ ጥቂት ነው። መሪጌታ አለ፤ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ አሉ። ካህናቱ በሁለት ወገን ትይዩ ይቆማሉ፤ አንዱ ያነሣውን ሌላው ይቀበላል። ቀኝ ጌታው መሪጌታው እስኪታመም ድረስ እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ ሰው አይደለም፤ በየሌሊቱ የሚሠራው የራሱ ወገን አለው። ደግሞም ዜማውን በሙሉ ያውቃል። ስለዚህ መሪጌታው የቀረ እንደ ሆነ ማኅሌቱ አይቋረጥም፤ ጠዋት ቅዳሴ የሚገባው ምእመን መሪጌታው መቅረቱን ላያውቅ ይችላል።

ሁለተኛው ምሳሌ የጤና መኰንን ነው። የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. እዚህ ጎንደር ሲከፈት በአገሪቱ ሐኪም እጅግ ጥቂት ነበር። ስለዚህ የጤና መኰንኖች ከነርሶችና ከሳኒቴሪያኖች ጋር በአንድ ቡድን ሠልጥነው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲላኩ ተደረገ። የጤና መኰንኑ ሐኪም በሌለበት የሐኪሙን ሥራ የሚሠራ ስለ ነበረ፣ በእኔ አስተሳሰብ የሐኪሙ ምክትል ነው። ነገር ግን «ሐኪም ሲጠፋ አንተ ሞክር» ተብሎ የተላከ አልነበረም። ለሥራው ተምሮበታል፤ የትኛውን በሽተኛ እርሱ እንደሚያክም፣ የትኛውን ወደ ሆስፒታል እንደሚልክ ያውቃል። ዕውቀት፣ የራስ ሥራና ወሰን በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ እንዲህ ነው። ከመካከላችሁ የዚሁ ሙያ ተማሪ የሆናችሁ ከእኔ የበለጠ ልትመሰክሩ ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። የብዙ ተማሪዎችን ማኅበራት ደንብ ያየን እንደ ሆነ ስለ ምክትሉ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፤ «ሰብሳቢው በማይኖርበት ጊዜ ተክቶ ይሠራል» የሚል። ሰብሳቢው በሚኖርበት ጊዜስ ምን ይሠራል? በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ ስሙን መጥራት የማያስፈልግ፣ ለችግረኛ ተማሪዎች ደብተርና እስክሪብቶ የሚገዛ አንድ ክበብ ነበር። ገንዘቡ በባንክ ይቀመጣል። የክበቡ ሰብሳቢ አባቱ ወደ ሌላ አገር ሲዛወሩ በጥር ወር አብሮ ሄደ። ምክትሉ ጨዋ ልጅ ነበር፤ ነገር ግን የባንኩን ደብተር አይቶት አያውቅም፤ ፊርማውም በባንኩ አልተመዘገበም፤ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ከማን ዘንድ እንዳለ እንኳ የነገረው የለም። ገንዘብ በባንክ እያለ ዐሥራ ሁለት ልጆች እስከ ሰኔ በተቀደደ ደብተር ጻፉ። ማንም አልሰረቀም፤ ማንም አልበደለም። ሁለተኛ ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው።

የእኛ ኅብረት ፕሬዚዳንት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የሆነ እንደ ሆነ ለመስክ ልምምድ ለሳምንታት ወደ ገጠር ይሄዳል። የምግብ አዳራሹ አቤቱታ፣ የታመመ ተማሪ ጉዳይ፣ ከአስተዳደሩ የመጣ ደብዳቤ እርሱ እስኪመለስ ድረስ አይጠብቅም። ስለዚህ ምክትሉ የገባውንና የወጣውን ደብዳቤ ሁሉ እንዲያይ፣ ፊርማው ከፕሬዚዳንቱና ከገንዘብ ያዡ ጋር በባንክ እንዲመዘገብ፣ የቁም ሣጥኑ ሁለተኛ ቁልፍም በእጁ እንዲሆን እፈልጋለሁ። «ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ነገር ግን እኛ የጠየቅነው ከባለቤቱ በላይ እንዲያውቅ አይደለም፤ እኩል እንዲያውቅ ነው። ሚካኤል ስሑል ንጉሡን የዋጡት ብዙ ስላወቁ አልነበረም፤ የራሳቸው ጦር ስለ ነበራቸው ነው።

በእኛም ምርጫ የሚያሠጋኝ ይኸው ጦር ነው። ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ የተሸነፈውን «አይክፋው» ብለን ምክትል የማድረግ ልማድ አለን። አንዳንድ ጊዜም አንዱን ከአንድ ፋኩልቲ፣ ሌላውን ከሌላ ፋኩልቲ አድርገን ሚዛን የጠበቅን ይመስለናል። ይህ ሰው ወደ ሹመቱ የሚመጣው ደጋፊዎቹን አስከትሎ ነው፤ እነርሱም የፕሬዚዳንቱን ስሕተት እየቈጠሩ ይጠብቃሉ። ተሸናፊው ብቃት የለውም ማለቴ አይደለም፤ ለእርሱ የሚሆን ሌላ ሥራ አይጠፋም። ምክትሉ ግን ከፕሬዚዳንቱ ጋር በአንድ ወረቀት ስማቸው ተጽፎ አብረው የሚመረጡ ቢሆኑ ይሻላል። ከተመረጠም በኋላ ሊያወርደው የሚችለው ጠቅላላ ጉባኤው እንጂ ፕሬዚዳንቱ ብቻውን አይሁን፤ አለዚያ በስብሰባ ላይ «ይህ አይሆንም» ለማለት የሚደፍር ምክትል አናገኝም። ምክትል ከሚጠቅምባቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ ይህ ነው፤ ለፕሬዚዳንቱ በሩ ተዘግቶ «ተሳስተሃል» የሚለው ቅርብ ሰው ያስፈልገዋል።

የራሱም ሥራ ይኑረው። እኔ የምመርጥለት የምግብ፣ የመኝታና የቤተ መጻሕፍት አቤቱታ ነው፤ በየወሩ ለጠቅላላ ጉባኤው በስሙ ይናገርበት። ይህን ሥራ ስድስት ወር የሠራ ሰው የኅብረቱን አባላት በስም ያውቃቸዋል፤ እነርሱም ያውቁታል።

ደንቡን ስለ ማሻሻል ያዘጋጀሁት ሐሳብ ይህ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ከ15 ቀን በላይ የሚርቅ ከሆነ በጽሑፍ ያስረክባል፤ ሲመለስም በጽሑፍ ይረከባል። ከትምህርት ቤቱ ፈጽሞ የለቀቀ ወይም በሞት የተለየ እንደ ሆነ ምክትሉ ወዲያውኑ ቦታውን ይይዛል፤ በ30 ቀን ውስጥም ጠቅላላ ጉባኤው ተጠርቶ ምርጫ ያደርጋል። ምክትሉም ሊወዳደር ይችላል። ቀኖቹ ይበዛሉ ወይም ያንሳሉ የምትሉ ብትኖሩ ተነጋግረን ማስተካከል እንችላለን፤ ቍጥር መኖሩ ላይ ግን አልደራደርም።

ጽሑፉን ለኅብረቱ ጸሐፊ ሰጥቻለሁ። 20 አባላት ከፈረሙበት በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከምርጫው በፊት ይነበባል። የፊርማው ወረቀት በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው።